ስፔን፦ ፓስፖርቴ ላይ 13 ነው 18?

ስፔን የወረቀት ነገር የምታውቁ እህት ወንድሞች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ማድሪድ ሕጋዊ ሆኜ መኖር ከጀመርኩ በጥቅምት 5 ዓመት ይሞላኛል። የረጅም ጊዜ መኖሪያ ላመለክት ነው፤ ቅጹን ሞልቻለሁ። ያስጨነቀኝ ከአገር ውጭ የቆየሁበት ጊዜ ነው። በ5 ዓመቱ ውስጥ አንዱ ጉዞ ከ6 ወር፣ ድምሩ ከ10 ወር መብለጥ የለበትም።

እናቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ሦስቴ ተመላልሻለሁ። ትናንት ሌሊት ፓስፖርቴን ዘርግቼ ማኅተሞቹን ስቆጥር የሁለተኛው ጉዞ መመለሻ ላይ ቀለሙ ተለቅልቋል፤ 13 ይሁን 18 አይለይም። 13 ከሆነ ድምሩ 9 ወር ከ26 ቀን ነው፤ 18 ከሆነ ግን 10 ወሩን በአንድ ቀን አልፌያለሁ! ቲኬቱን የቆረጠልኝ ወንድሜ ነው፤ እሱም ስልኩ ጠፍቶበታል።

በዚያው ወር በ14 እዚህ ማድሪድ ሱቅ በካርድ መክፈሌን የባንክ ወረቀቴ ያሳያል፤ ይህን ማስረጃ ብለው ይቀበሉኛል? የበረርኩበትና የገባሁበት ቀንስ እንደ መቅረት ይቆጠራል? አንዷ ጓደኛዬ «የመጀመሪያው ጉዞ ከ5 ዓመቱ እስኪወጣ ጠብቂ» ትለኛለች፤ ካርዴ ግን ኅዳር ላይ ያበቃል። እስከዚያው ያለኝን ፈቃድ ላሳድስ ወይስ በድፍረት ላስገባ? በራሱ የደረሰበት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።