ከቢዝነስ ዘገባ ወደ ዘጋቢ ፊልም፦ በጣና ዓሣ መጀመር

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች። ስለ ባህር ዳር ዓሣ ገበያ የ10 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ልሠራ ነው። እስካሁን የጻፍኩት የዋጋና የባንክ ዜና ብቻ ነው። ቁጥሩን እንዴት ላሳየው?

ደንገል፦ አንድ ቀረሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ያዝና ከመረብ እስከ ሳህን ተከተለው። ከባንክ ዜና ምሳሌ ልስጥህ፦ አየርላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ለባንኮቿ ዋስ ሆነች፤ በ2010 የ85 ቢሊዮን ዩሮ የገንዘብ ማዳኛ ማዕቀፍ ውስጥ ገባች። ይህን ቁጥር ብቻ ብታነብ ማን ይሰማሃል? የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ሲናገር ግን ይገባል።

ሒሳብ ሹም፦ ዋናው ወጥመድ ሚዛኑ ነው። ቀረሶ ተገፍፎ አጥንቱ ሲወጣ ንጹሕ ሥጋው የሙሉ ዓሣው ሲሶ ገደማ ነው። የአጥማጁን የሙሉ ዓሣ ዋጋ ከሱቁ የተገፈፈ ሥጋ ዋጋ ጋር በቀጥታ ካወዳደርክ ነጋዴውን ያለ ጥፋቱ ሌባ ታደርገዋለህ። መጀመሪያ የአጥማጁን በ3 አባዛ፤ በረዶ፣ ትራንስፖርትና የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ይደመራል።

ደንገል፦ ልክ ነው። ቀረጻው ላይ፦ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርግ፤ አለዚያ የሱቁ አምፖል ይርገበገባል። ለሐይቁ ነፋስ ማይኩን ጸጉራም መሸፈኛ አልብሰው። ታንኳ ላይ ካሜራ ይዘህ አትቁም፣ ይገለበጣል፤ ከሞተር ጀልባ ቅረጽ።

ጠያቂ፦ የሲሶውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ተባረኩ!