የጎጃም ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ልዩ ስብስቦቻቸውን በአንድ ደንብ እንዲመዘግቡ፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ከአስተባባሪዋ፣ ባሕር ዳር

ውድ የማኅበራችን አባላት፤ በጠቅላላ ጉባኤው እንዲዘጋጅ የወሰናችሁትን የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ለውይይት አቅርቤያለሁ። ለየተቋማቱ አመራር ከመላኩ በፊት የእያንዳንዳችሁ እርማት ያስፈልገዋል።

መነሻው ይህ ነው። በየቤተ መጻሕፍታችን ተቆልፎባቸው የሚቀመጡት ብራናዎች፣ ክታቦች፣ ቀደምት ኅትመቶች፣ የእጅ ጽሑፍ ደብተሮች፣ ደብዳቤዎችና የቅኔ ካሴቶች በየቤቱ በተለያየ መንገድ ስለሚመዘገቡ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ስላልተመዘገቡ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ተመራማሪ ባሕር ዳር ምን እንዳለ፣ እንጅባራ ያለውም ደብረ ማርቆስ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በተለመደው የካታሎግ ሥራ አንድ የታተመ መጽሐፍ አንዴ ከተመዘገበ ያው መዝገብ ለሁሉም ቅጂ ያገለግላል። የብራና መጽሐፍ ግን ሁለተኛ የለውም፤ ከአንድ ምንጭ የተገለበጡ ሁለት ዳዊቶች እንኳ በጸሐፊያቸው፣ በባለቤታቸውና በኅዳጋቸው ላይ በሰፈረው ነገር ይለያያሉ። ስለዚህ የረቂቁ አንቀጽ 1 «በልዩ ስብስብ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ በርእሱ ብቻ ሳይሆን በእጃችን ባለው አካሉ ይገለጻል» ይላል።

ለምን እንዲህ እንደተባለ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በአንድ አባል ቤተ መጻሕፍት የንብረት መዝገብ ላይ «ዳዊት፣ ብራና፣ አሮጌ» ተብሎ ብቻ የሰፈረ መጽሐፍ አለ። ሲገለጥ ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይገኙበታል። የፊተኛው ገበታ ተሰንጥቆ በጠፍር ተሰፍቷል፤ «ለገብርከ» (ለአገልጋይህ) ከሚለው ቃል ቀጥሎ የነበረው የመጀመሪያው ባለቤት ስም በየቦታው ተፍቆ በሌላ እጅና በፈዘዘ ቀለም ሌላ ስም ገብቶበታል፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ደግሞ ስለ አንድ የርስት ክፍፍል የምስክሮችን ስም የሚዘረዝር የአማርኛ ማስታወሻ አለ። እንደ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የጎጃም ጥንታውያን አድባራት የመሬት ጉዳያቸውን በቅዱሳት መጻሕፍት ቅጠሎች ላይ ሲመዘግቡ የኖሩ በመሆናቸው፣ ስለ መሬት ሥሪት የሚያጠና ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ይህን የመጨረሻውን ቅጠል ነው። አሁን ያለው መዝገብ ግን ወደዚያ ቅጠል አያደርሰውም።

ሁላችንም የምንጠቀምበት ማርክ 21 የተባለው የካታሎግ መዝገብ መስፈርት ለዚህ የሚሆን ቦታ አለው። «ታግ» ከሚባሉት ቁጥር ከተሰጣቸው የመዝገቡ ክፍሎች ውስጥ ይዘቱ በታግ 505፣ ዕቃው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገባበት መንገድ በ541፣ የባለቤትነቱ ታሪክ በ561፣ ገበታውና ድጉስ ቆዳው በ563 ይገባሉ። እኛ ዘንድ እነዚህ ታጎች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ረቂቁ እንዲሞሉ ያስገድዳል።

ከካታሎግ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

እኅታችን አስተባባሪ ላቀረቡልን ረቂቅ ከልብ አመሰግናለሁ። በአንቀጽ 1 መንፈስ እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዲለወጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንድን ብራና ቅጠል በቅጠል ገልጦ፣ ጥራዙን ቆጥሮ፣ የጸሐፊዎቹን የእጅ ጽሑፍ ለይቶ፣ ማስታወሻዎቹን አንብቦ ሙሉ መግለጫ መጻፍ ግእዝ የሚያውቅ ባለሙያና ብዙ ቀናት ይጠይቃል። ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምረን በዚህ አኳኋን ከሄድን፣ በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ያሉት ዕቃዎች ለብዙ ዓመታት ሳይመዘገቡ ይቆያሉ። ያልተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ ደግሞ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ጨረታ ላይ ቢታይ እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት የምናቀርበው ማስረጃ የለንም።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ደረጃ ይከፈል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁሉም ዕቃ፣ ምንም ሳይቀር፣ አጭር መዝገብ ይውጣለት፦ መለያ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቋንቋው፣ የቅጠሎቹ ብዛት፣ ቁመቱና ወርዱ በሚሊሜትር፣ ያለበት ሁኔታ፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዲሁም ከሌላው የሚለይበት አንድ ምልክት። እንደዚያ ዳዊት የተሰፋ ገበታ ያለው ከሆነ ይኸው መጻፍ አለበት። ሙሉ መግለጫው በሁለተኛው ደረጃ፣ ቅድሚያ ለሚሰጣቸው ዕቃዎች ይከተላል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ መለያ ቁጥሩ አንድ ነገር በደንቡ ይግባልኝ። ማኅተም መምታት፣ በእስክሪብቶ መጻፍና ተለጣፊ ወረቀት መለጠፍ ለብራናም ለቀደምት ኅትመትም ፈጽሞ ይከልከል። ቁጥሩ ለስላሳ እርሳስ ተጠቅሞ በመጨረሻው ቅጠል የውስጥ ጥግ በትንሹ ይጻፍ፤ ብራናው የማይቀበል ከሆነ አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ ተጽፎ በመጽሐፉ መካከል ይቀመጥ። በቀይ ሐረግ ላይ የተመታ ሐምራዊ ማኅተም አይቼ አዝኛለሁ፤ ያ ቀለም ሐረጉን ሳይጎዳ የሚነሣበት መንገድ የለም።

ከመሪጌታ፣ የግእዝ መምህርና የማኅበሩ አባል

ሁለቱም አስተያየቶች በቦታቸው ትክክል ናቸው፤ በሁለት ደረጃ መከፈሉን እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ዘመን ነው። በአጭሩ መዝገብ ላይ «ዘመን» የሚል ቦታ ሲኖር፣ ባለሙያው ባዶ መተው ስለሚከብደው በግምት ክፍለ ዘመን ይጽፋል። ያ ግምት አንዴ ከተጻፈ በኋላ እንደ እውነት እየተጠቀሰ ይኖራል። ስለዚህ የተጻፈው ዘመን በምን ላይ እንደተመሠረተ አብሮ እንዲመዘገብ ይገደድ፦ በጸሐፊው ቃል ነው፣ በንጉሥና በጳጳስ ስም ነው፣ ወይስ በፊደሉ ቅርጽ ብቻ?

የንጉሥ ስምም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ብራና «በመንግሥተ ንጉሥነ ተክለ ሃይማኖት፣ በዘመነ ዮሐንስ» ተጻፈ ቢል፣ የእኛ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ ጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይሄዳል። ነገሩ እንዲያ ከሆነ፣ ንጉሡ ዘውድ ከጫኑበት ከ1873 ዓ.ም. እስካረፉበት እስከ 1893 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዘመነ ዮሐንስ የሚውለው በ1876፣ በ1880፣ በ1884፣ በ1888 እና በ1892 ብቻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ የሌለው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነውና። ሃያው ዓመት ወደ አምስት ዓመት ጠበበ ማለት ነው፤ የጳጳሱ ስም ከተጨመረበት ደግሞ የበለጠ ይጠባል። ነገር ግን በጎንደር የነገሡ ሁለት ተክለ ሃይማኖቶች ስላሉ፣ ፊደሉና የጳጳሱ ስም ሳይመረመር ስሙን ብቻ ይዞ መወሰን አይገባም። ባለሙያው ያልወሰነውን «አልተወሰነም» ብሎ እንዲጽፍ ደንቡ ይፍቀድለት።

ከቤተ መጻሕፍት ሲስተም ኃላፊ፣ እንጅባራ

መዝገቡ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን ፈላጊው ካላገኘው ጥቅም አይሰጥም። በሞክሼ ፊደላት ምክንያት አንድ ስም በካታሎጋችን ውስጥ በአራትና በአምስት መልክ ይገኛል። የጎጃሙን ተወላጅ ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁን ስም አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ወይም በ«ሃ»፤ የአባታቸውንም እንዲሁ አንዱ በ«ዓ»፣ ሌላው በ«አ» ይጽፈዋል። በዚህ ላይ የውጭ ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም ያስቀደመ ካለ ፈላጊው የሚያገኘው የመጻሕፍቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ስም አይገለበጥም፤ ይህ በደንቡ በግልጽ ይጻፍ።

ለፊደሉ መፍትሔ የማቀርበው ጽሑፉን ሳንነካ ማውጫውን ማስተካከል ነው። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የፍለጋ ማውጫውን ሲያዘጋጅ «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» እንዲመልስ የልወጣ ደንብ ሊሰጠው ይችላል። እነዚህ ፊደላት በየሆሄያቸው፣ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ»ም እርስ በርስ እንደ አንድ ይቆጠሩ። በዚህ መንገድ ፈላጊው በየትኛውም አጻጻፍ ቢጠይቅ ያገኛል፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ግን በብራናው ላይ ያለው አጻጻፍ ራሱ ይሆናል። መሪጌታ እንደሚያውቁት በግእዝ «መሐረ» እና «መሀረ» ፍቺያቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ካታሎግ ባለሙያው ብራናውን ሲገለብጥ ፊደሉን የማስተካከል መብት ሊኖረው አይገባም።

የዓመተ ምሕረትም ነገር አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በታግ 264 ላይ «1958 [1965 ወይም 1966]» ተብሎ፣ መጀመሪያ በመጽሐፉ ላይ እንዳለው፣ ቀጥሎ በቅንፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ። ለማሽኑ በሚሆነው በታግ 008 ላይ የአውሮፓው ዓመት ብቻ ይግባ። አንዱ ቤት በእኛ፣ ሌላው በእነርሱ አቆጣጠር ከሞላው፣ ካታሎጎቻችን ሲቀላቀሉ የመጻሕፍቱ ተራ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዛነፋል።

ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት

ረቂቁ ስለ ካሴት የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ቅር አሰኝቶኛል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ቅኔ ደግሞ በቃል ተነግሮ በቃል የሚያዝ ስለሆነ፣ በካሴት የተቀዳው የየኔታዎች ድምፅ ከብራናው ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም። የመግነጢስ ክሩ እየተበላሸ ነው፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ካሴቶች በመጀመሪያው ደረጃ ቅድሚያ ይሰጣቸው። በመዝገባቸውም የተቀኘው ሊቅ፣ የተቀዳበት ቦታና በዓል፣ የቀዳው ሰው፣ የክሩ ርዝመትና ወደ ዲጂታል የተገለበጠበት ቀን ይካተት።

«ቅኔ» ብሎ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የቅኔው ዓይነት በዘውግ መግለጫው በታግ 655 ቢገባ፣ ተማሪው የሚፈልገውን ለይቶ ያገኛል። ይህን የሚያስችል የቃላት ዝርዝር መሪጌታ ቢያዘጋጁልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ከመሪጌታ፣ በድጋሚ

ዝርዝሩን በደስታ አዘጋጃለሁ። የየቤቱን ልዩነት ለማክበር ግን ብቻዬን ሳይሆን ከዋሸራም ከጎንጅም የወጡ መምህራንን ጠይቄ ይሆናል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ከገዳማት ተነሥተው ስለመጡት የዲጂታል ቅጂዎች ነው። በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ ገዳሙ መሆኑ በመጀመሪያ ይጻፍ፤ ምስሉን ለማየትና ለማሳተም የገዳሙ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በታግ 506 እና በ540 ይግለጽ። በዕቃ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቁልፍ እንደያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ ግን ለሕዝብ በሚታየው መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይውጣ። በዚያ መረጃ ሊጠቀም የሚችለው ሌባ ነውና።

ከዚህ ቀደም የተሠራውንም አንርሳ። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አንሥተው፣ የክብራን ገብርኤልን ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመን አገር አሳትመዋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም ለያንዳንዱ ብራና ቁጥር ሰጥቶታል። በእጃችን ያለው ቅጂ ከእነዚህ ውስጥ ካለ ቁጥሩ በታግ 510 ይጠቀስ፤ አለበለዚያ አንድ ብራና በሦስት ስም ሦስት መጽሐፍ ይመስላል።

ከአስተባባሪዋ፣ የተሻሻለው ረቂቅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የደብረ ማርቆስ ወንድማችን ስለ ቅደም ተከተሉ ያቀረቡትን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። እኔ ያሰብኩት የመግለጫውን ጥልቀት ነበር፤ ያልተመዘገበ ዕቃ የባለቤትነት ማስረጃ የለውም የሚለው ክርክር ግን ለአመራሮቻችንም ቢሆን በቀላሉ የሚገባቸው ስለሆነ በመግቢያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከዚሁ ጋር ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባ የደነገገ በመሆኑ፣ አጭሩ መዝገብ ለዚያም ምዝገባ እንዲያገለግል ሆኖ እንዲቀረጽ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይለካም።

አንቀጽ 1 አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «አባል ቤተ መጻሕፍት በልዩ ስብስባቸው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ከካሴቶችና ለጉዳት ከተጋለጡ ብራናዎች ጀምረው፣ አጭር መዝገብ ያወጣሉ፤ ሁሉም ዕቃ አጭር መዝገብ ሳያገኝ ወደ ሙሉ መግለጫ አይሻገሩም።» አንቀጽ 2 ደግሞ፦ «የተጻፈ ዘመን ሁሉ መሠረቱ አብሮ ይገለጻል፤ ያልተወሰነ ዘመን አልተወሰነም ተብሎ ይመዘገባል።» አንቀጽ 3 የፊደሉን፣ የስሙንና የዓመተ ምሕረቱን ጉዳይ እንጅባራ በላከው ቃል ይዟል። አንቀጽ 4 ስለ ገዳማት ፈቃድ ነው፤ በዚህ ላይ ከሀገረ ስብከቶቹ ጋር ሳንመካከር የመጨረሻ ቃል አንጽፍም።

በበጀቱ በኩል ውድ የፎቶ ማንሻ መሣሪያ ከመጠየቅ ይልቅ ግእዝ ለሚያውቁ ሁለት ባለሙያዎች ደመወዝ፣ አሲድ ለሌለው ወረቀትና ሣጥን፣ እንዲሁም ለካሴት ማጫወቻ ብንጠይቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የተቃወመ ካለ ምክንያቱን ይጻፍልን። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም የአጭሩ መዝገብ ቅጽ በወረቀትም ይታተማል።

የደብረ ማርቆስ ባለሙያችን ቅጹን፣ እንጅባራ የልወጣ ደንቡን፣ መሪጌታ የቅኔውን ዝርዝር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይላኩልኝ። ሌሎቻችሁ በየቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች ለመመዝገብ አስቸጋሪ የሆኑባችሁን መርጣችሁ በረቂቁ ቅጽ ሞክሯቸው፤ ቅጹ ያልያዘው ነገር ካገኛችሁ የዕቃውን ፎቶግራፍ ጨምራችሁ ላኩልኝ።