መንገዱ በምዕራብ ነው፤ ቤቱን እንዴት ላድርገው? (አዳማ፣ 160 ካሬ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ቤት ልጀምር ነው። አሁን የተከራየሁት ቤት መኝታ ክፍሉ ወደ ምዕራብ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳው ሲነካ ይሞቃል። ልጆቼ ፍራሽ እየጎተቱ ሳሎን ይተኛሉ። ኤሲ አስገብቼ ለመብራት መክፈል አልፈልግም። ግንበኛው ግን «የቤቱ ፊት ወደ መንገድ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል።

መልስ፦
ኮርኒስ እንዳትረሺ። ቆርቆሮ ብቻውን እሳት ነው።

መልስ፦
ልጄ፣ መሠረት ሳይወጣ መጠየቅሽ ደግ ነው። እዚሁ አዳማ ፎርማን ሆኜ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በሩ ወደ መንገድ ይሁን፣ ችግር የለውም። መስኮቱን ግን ወደ ሰሜንና ደቡብ አድርጊ። በቀትር ፀሐይ ከፍ ስለምትል 80 ሳንቲም የወጣ ክፈፍ ይከልልሻል። የ10 ሰዓቷ ግን ዝቅ ብላ ነው የምትገባው፤ ክፈፍ አይመልሳትም።

እኔ ራሴ የሳሎኔን ትልቁን መስታወት ወደ ምዕራብ አስገብቼ ነበር። ባለቤቴ በየቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጋቢ ትሰቅልበታለች። መጋረጃው በ2 ዓመት ነጣ። በመጨረሻ በብሎኬት ደፈንኩት።

ስለዚህ ምዕራቡን ለሽንት ቤት፣ ለዕቃ ቤትና ለኮሪደር ስጪው። መኝታ ቤት ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ጥላ ያገኛል። ብሎኬቱ የፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይሁን። በውስጡ አየር ስላለ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ለማንሳትም ቀላል ነው። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያዩ። ነፋስ እንደሆነ አዳማ ሞልቶናል፤ ተርባይኖቹ የቆሙት ለዚህ አይደል?

መልስ፦
ውሃውንም አስቢበት። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 800 ሊትር ነው። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ለልብስና ለሽንት ቤት ይተርፋል። ከአሸንዳው ወደ ሮቶ አስገቢው። የመጀመሪያውን ውሃ ግን ድፊው፣ የጣሪያ አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ፕላኑን ይዤ ተቀምጬ መኝታ ቤቶቹን ወደ ምሥራቅ አዞርኳቸው። ሽንት ቤቱ በመንገድ በኩል ሲሆን ሴፕቲክ ታንኩስ?

መልስ፦
እዚያው በሩ አጠገብ ይሁን፣ ልጄ። የመጣጩ መኪና ቱቦ ግቢውን ሳያቋርጥ ይደርሳል። ውሃ የምታጠራቅሚበትን ግን ከእሱ አርቂው፤ በጓሮ በኩል አድርጊው።