ቱ ዩዩ ለምን ዘግይታ ተሸለመች? ጭቁኝስ ወባን ያድናል?

አዘዞ_ማዶ፦
ጎንደር ላይ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ስለ ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ እያዘጋጀን ነው። ከተክል ያወጣችው የወባ መድኃኒት (አርቴሚሲኒን) በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገኝቶ ኖቤሉ እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ለምን ዘገየ? ደግሞ ተክሉ የእኛ ጭቁኝ ዘመድ ነው ይባላል። አፍልቶ መጠጣት ይረዳል ብለን ብንጽፍስ?

ባለመዝገቡ፦
ዘመኑ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው። ሥራው የቻይና ወታደራዊ ምስጢር ነበር፤ «ፕሮጀክት 523» የተባለው በ5ኛው ወር፣ ሜይ 23 ቀን 1967 ስለተጀመረ ነው። የመድኃኒቱ ሞለኪውል አወቃቀር በ1977 ሲታተም እንኳ የማንም ስም አልሰፈረበትም። ማን ምን እንደሠራ አጣርቶ ለመለየት ዓመታት ፈጀ፤ ላስከር የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ሽልማት በ2011፣ ኖቤል በ2015 ደረሳት። የኖቤሉ ግማሽ ብቻ ነው የእሷ፤ ያንን እንዳትስቱ። ዶክትሬትም አልነበራትም።

ፋርማሲ_ማራኪ፦
«አፍልቶ» የሚለውን ሰርዙት! የግኝቱ ቁልፍ አለማፍላቱ ነው። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊ ሐኪም ጌ ሆንግ አንድ ጭብጥ ተክል በውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ መጠጣት ነው ያዘዘው። ቱ ዩዩ ይህን ስታነብ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያበላሸው እንደሆነ ጠረጠረችና በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው። አሲዳማውን ክፍል ጥላ ገለልተኛውን አስቀረች። ናሙና ቁጥር 191፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1971፣ በአይጦች ላይ 100% ሠራ። የወባ ጥገኛ ተዋሲያኑን የሚገድለው በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው የሁለት ኦክስጅን ድልድይ ነው።

የእሷ ተክል አርቴሚሲያ አኑዋ ነው። ጭቁኝ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ትክክለኛው ተክል ቢገኝ እንኳ በሻይ መጠኑ አይታወቅም፤ ትኩሳቱ ይበርድና ጥቂት ጥገኛ ተርፎ ያገረሻል፣ መድኃኒት የመላመድ ዕድልም ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይደግፈውም።

ላብ_ቴክ፦
ስለ ኮአርተም (ከአርቴሚሲኒን የተገኘ መድኃኒት ስላለበት የወባ ክኒን) ከጻፋችሁ፦ 35 ኪሎና በላይ ለሆነ ሰው 4 ፍሬ በቀን ሁለቴ ለ3 ቀን፣ ጠቅላላ 24። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ8 ሰዓት፣ ከዚያ በ24፣ 36፣ 48 እና 60ኛው ሰዓት። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ይተወዋል። በባዶ ሆድ የሚውጠውም አለ፤ በክኒኑ ውስጥ አብሮት ያለው ሌላው መድኃኒት፣ ሉሜፋንትሪን፣ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም አይገባም። ወተት ካልሆነ፣ በጾም ዘይት ያለበት ሽሮ ወይም ለውዝ ይበቃል። በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ያው መጠን ይደገማል።