ቀይ ማልያ የለበሱት ሰዎች ነገር

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ! ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ዲሲ መሀል፣ ጋለሪ ፕሌስ አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ጀምሬያለሁ። ጨዋታ ባለ ቀን ቀይ ማልያ የለበሰ ሕዝብ ይጎርፋል። ስለ ሆኪ ያዋሩኛል፤ እኔ ከመሳቅ ሌላ መልስ የለኝም። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ እዚያ ሰፈር ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሆኪን፣ ያን በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎች ናቸው። ቡድናቸው ካሸነፈ ቲፑ ደህና ነው። ከተሸነፈ በሩን ድርግም አድርገው ይወርዳሉ። ውጤቱን በሬዲዮ ሳልሰማ ወደዚያ አልጠጋም ነበር።

ቡድኑ ዋሺንግተን ካፒታልስ ነው፤ እነሱ «ካፕስ» ይሉታል። በ1974 ሲጀምር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዝልኝ) የሚጫወተው ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ጉድ ነው። ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ብቻ፤ 67 ተሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ። 446 ጎል ገባበት! ከሜዳው ውጪ 37 ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ፣ ማርች 1975 ኦክላንድ ላይ ቀናው። ተጫዋቾቹ ምን አደረጉ መሰለህ? የቆሻሻ በርሜል አንስተው እንደ ዋንጫ ተሸክመው መልበሻ ክፍሉን ዞሩ። በዚያ ዓመት ማይክ ማርሰን የሚባል የ19 ዓመት ጥቁር ልጅም አብሯቸው ነበር፤ በሊጉ ታሪክ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች።

በ1982 ቡድኑ ከከተማው ሊሄድ ጫፍ ደርሶ፣ ደጋፊው ትኬት ገዝቶ አስቀረው። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ሆነ። ግን ወሳኙ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። የ1987ቱን ልንገርህ። ከኒውዮርክ አይላንደርስ ጋር በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 እየመራ ነበር፤ ቀድሞ 4 ያሸነፈ ያልፋል። ተደርሶበት ሰባተኛው ጨዋታ መጣ። ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ፣ አቻ ሆኖ፣ አራት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጨምሮ፣ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ጎል ገባበትና ተሰናበተ። ፈረንጆቹ ያንን ሌሊት በፋሲካ ስም ነው የሚጠሩት። በዚያ ዓመት የኛም ፋሲካ በዚያው ቀን ነበር የዋለው። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ልንገድፍ፣ እነሱ ሊያለቅሱ!

በ1997 አንተ አጠገቡ ወደምትሠራበት አዳራሽ ገቡ። በ1998 ለፍጻሜ ደርሰው ዲትሮይት 4 ለ 0 ጠረጋቸው። በ2004 አሌክስ ኦቬችኪን የሚባል ሩሲያዊ መረጡ። ልጁ ጎል ማግባት እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፤ በ2025 895ኛውን አግብቶ በሊጉ ታሪክ ብዙ ጎል በማግባት ቀዳሚ የነበረውን የዌይን ግሬትዝኪን ሪከርድ ሰብሯል። እሱን ይዘውም ለዓመታት፣ ዓመቱን ሙሉ ይመሩና ጥሎ ማለፉ ላይ ይሸኙ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በፒትስበርግ። ያኔ የኔ ኪስም አብሮ ይደርቅ ነበር።

ጁን 7 ቀን 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ተሳካላቸው፤ 44 ዓመት የጠበቁት ዋንጫ መጣ። ጨዋታው እዚያ ሆኖ ሕዝቡ የሞላው የኛን መንገድ ነው። አንዱ ሽማግሌ ተሳፋሪ አባቱ ላንዶቨር ይወስዱት እንደነበር እየነገረኝ እስከ ቤቱ አለቀሰ። ሲወርድ መልሱን ሳይቀበል ሄደ። ኦቬችኪንና ጓደኞቹ ደግሞ ከቀናት በኋላ ጆርጅታውን ፏፏቴ ውስጥ ገብተው ሲዋኙ ታዩ።

ስለ ሥራህም አትስጋ። ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሊሄዱ ነው ተብሎ ነበር፤ በ2024 ቀርቷል። ትኬቱ ውድ ነው። ማየት ካማረህ ልምምዳቸውን በነጻ ማየት ይቻላል፤ ቨርጂኒያ፣ ባልስተን፣ ገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ አናት ላይ ነው።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ፓርኪንግ ውዬ በእረፍቴም ፓርኪንግ?