የጋራ ደብዳቤው ረቂቅ፦ የዋስትና ሕጉና የኩሪዎች ጉዳይ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ደርሷችኋል። የኤርትራውያኑና የሶማሌዎቹ ማኅበራት እስከ ዓርብ የእኛን የኢትዮጵያውያኑን መልስ ይጠብቃሉ። ሦስት ነጥብ ነው ያለው። ለአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ፓርላማ አባላት የጋራ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ በማርች 2025 የጠበቀው የዋስትና ሕግ እንደገና ይታይ እንላለን፣ በተለይ ለልጆች። ለአቦርጂናል የሕግ አገልግሎት ከካዝናችን 4,000 ዶላር እንሰጣለን። በአዳራሻችን አንድ ምሽት እናዘጋጃለን፤ የኩሪ፣ ማለትም የግዛቷ አቦርጂናል ነባር ሕዝብ፣ ሽማግሌዎች ተጋብዘው ይናገራሉ። በሰው አገር ስንኖር ለባለአገሮቹ እስካሁን ያደረግነው ነገር የለም። ከዚህ እንጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦
4,000 ከየት ይመጣል? የአዳራሹ ኪራይ ራሱ ውዝፍ አለበት። የዕድሩን ገንዘብ ደግሞ ማንም አይነካትም። 1,000 ካላችሁ እንነጋገር።

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
ገንዘብ ያዥ፣ የሰፈሬ ልጆች ፖሊስን ሲከሱ ብር ነበራቸው እንዴ? በሰፈሩ ነጻ የሕግ ማዕከል ስለነበረ ነው ፌዴራል ፍርድ ቤት የደረሱት። የስታቲስቲክስ ባለሙያው የፖሊስን መዝገብ ሲያሰላው የአፍሪካ ልጆች ከሌላው ነዋሪ 2.5 እጥፍ ይበልጥ በፖሊስ እንደሚቆሙ አሳየ። በ2013 ፖሊስ ተስማማ፣ አሠራሩንም ለማስፈተሽ ቃል ገባ። የኩሪዎቹ የሕግ አገልግሎት ከ1973 ጀምሮ ሰዉን ከጣቢያ ከጣቢያ ሲያስፈታ የኖረ ነው። 4,000 ለእነሱ ሲያንስ ነው።

ነርሷ፦
የዴም ፊሊስ ፍሮስት የሴቶች እስር ቤት ሬቨንሆል ነው ያለው። ከዲር ፓርክ ሥራ ስሄድ በአጠገቡ አልፋለሁ። አቦርጂናሏ ቬሮኒካ ኔልሰን እዚያ ነው የሞተችው፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2020። 37 ዓመቷ ነበር። የተያዘችው በሱቅ ስርቆት ተጠርጥራ ነው። ዋስትና ስትጠይቅ ከጎኗ ጠበቃ አልነበረም፣ ብቻዋን ተከራክራ ተከለከለች። ሌሊቱን በክፍሏ ኢንተርኮም እየደጋገመች ድረሱልኝ አለች። ጠዋት ሞታ ተገኘች። በ2023 ኮሮነሩ፣ አሟሟቷን የመረመረው ዳኛ፣ ሞቷ ሊቀር ይችል ነበር አለ፣ የዋስትና ሕጉንም ክፉኛ ነቀፈ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ደወል ሲደወል የማልነሳበትን ቀን ማሰብ አልችልም። ደብዳቤው ያለ እሷ ታሪክ እንዳይሄድ። ፎቶዋን ግን ቤተሰቧ ሳይፈቅድ እንዳታወጡ። የሟች ስምና ምስል በእነሱ ዘንድ ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ባለሱቁ፦
ነፍስ ይማር። ደብዳቤውን ግን አልፈርምም። ሱቄን የሰበሩት ልጆች በዋስ የወጡ ነበሩ። መስታወቱን ከኪሴ ነው ያስገጠምኩት፣ ኢንሹራንሱም ጨመረብኝ። እና አሁን ዋስትና ይላላ ብዬ ልፈርም?

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
የእርስዎ ንዴት ይገባኛል ጋሼ። ግን ሕጉ በ2018 ሲጠብቅ ምክንያቱ በዋስ የተለቀቀ ሰው በ2017 ሜልበርን ቡርክ ስትሪት ላይ እግረኞችን በመኪና መደፍጠጡ ነው። በመጨረሻ እስር ቤቱን የሞላው ማን ሆነ? ቤት የሌላትና ትንሽ ዕቃ አንስታ የተያዘች ሴት። ከዚያ በ2024 ላላ። ዓመት ሳይቆይ መልሰው አጠበቁት። ለልጅ እስር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን የሚለውን አንቀጽ ሳይቀር አወጡት። ያ አንቀጽ የእርስዎንም ልጅ ይመለከታል።

ባለሱቁ፦
የእኔ ልጅ ሱቅ አይሰብርም።

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
ፍሌሚንግተን የሚቆሙትም አልሰበሩም ነበር።

ቀደምት አባል፦
ስለ ሕጉ በኋላ ትነጋገራላችሁ። የምሽቱ ፖስተር ላይ ባለ ኮከቡን ባንዲራ ያስገባው ማን ነው?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ዲዛይነሩ ከኢንተርኔት ያወረደው ነው። ረቂቅ ነው።

ቀደምት አባል፦
ረቂቅ ነው ተብሎ ነው ሁሉም የሚገባው። ይህ ማኅበር ሲቋቋም በልሙጡ ነው የተቋቋመው። እኔ እያለሁ ሌላ አይሰቀልም።

የሰንሻይኗ፦
ሕጋዊው ባንዲራ ባለ ኮከቡ ነው። ሕገ መንግሥቱ ላይ ያለው እሱ ነው። ማኅበሩ የአንድ ወገን ነው ወይስ የሁላችን? መዋጮ ስንከፍል ማንም ባንዲራ አልጠየቀንም።

ቀደምት አባል፦
መዋጮ ከፍለሻል ተብሎ የአባቶቼ ባንዲራ ላይ አይጻፍበትም።

ታክሲ ነጂው፦
ያለፈው የባህል ቀን ላይ የሆነውን ረሳችሁት? ግማሹ ሰው ምግቡን ጥሎ ነው የወጣው። ኧረ በእናታችሁ አታንሱት።

የሰንሻይኗ፦
ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። ልሙጡ ከተለጠፈ እኔም ሆንኩ የሴቶች ክፍል አንመጣም። ምግቡን ሌላ ይሥራው።

ገንዘብ ያዥ፦
የሴቶች ክፍል ካልሠራ ኬተሪንግ መከራየት ነው። ያ ደግሞ ለሕግ አገልግሎቱ ያልነውን 1,000 ይበላዋል። አስቡበት።

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
1,000 ማን አለ? 4,000 ነው የተባለው።

ቀደምት አባል፦
ልጄ፣ ባንዲራው ሳይወሰን ብር አይወሰንም።

መምህሩ፦
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እኛ ባንዲራ ነው የተጻፈው። ፖስተሩ ላይ ሌላም ባንዲራ አለ፣ የአቦርጂናሎቹ፤ ያየው የለም። ጥቁር፣ ቀይ፣ መካከሉ ላይ ቢጫ ክብ። ሃሮልድ ቶማስ በ1971 የሠራው ነው። ሕዝቡ በሰልፍ ይዞት ወጥቶ ነው ያስከበረው፤ መንግሥት ያወቀለት በ1995 ነው። እንግዶቻችን እሱን አይተው ነው የሚመጡት።

ሌላም ነገር ልበል። ከፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ወጥተን ኒኮልሰን ስትሪት እንጀራ ልንገዛ የምንሻገረው ድልድይ በዊልያም ኩፐር ስም ነው የተሰየመው። ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ ነው፣ ፉትስክሬይ ነው የኖረው። ሕዝቡ በፓርላማ ወኪል እንዲኖረው ለእንግሊዝ ንጉሥ አቤቱታ አሰባሰበ። 1,814 ሰው ፈረመለት። የአውስትራሊያ መንግሥት ወረቀቱን ለንጉሡ ሳያስተላልፍ አስቀረው። ያ ሰው በዲሴምበር 1938 ናዚዎች በአይሁድ ላይ ያደረጉትን ሰምቶ፣ የራሱ ሕዝብ ዜጋ እንኳ ሳይባል፣ ጀርመን ቆንስላ ድረስ ሄዶ ተቃውሞ ሊያስገባ ሞከረ። በር አልከፈቱለትም። የሌላ ሕዝብ በደል የኔ ነው ያለ ሰው ሰፈር ነው የምንኖረው። ስለዚህ እባካችሁ ወደ ደብዳቤው እንመለስ።

የሰንሻይኗ፦
መምህር፣ ተናግረህ አሳመንከኝ። ለድልድዩ ሰው ስል ምግቡን እሠራለሁ። ባንዲራው ግን ይነሳ። ሁለቱም።

ሊቀመንበር፦
ይበቃል። ከፖስተሩ ላይ ባንዲራ የሚባል ነገር በሙሉ ይውጣ። የእኛም፣ የእነሱም፣ የአውስትራሊያም። የጀበና ሥዕል ይግባበት። ተወስኗል።

ነርሷ፦
የእነሱን ደግሞ ለምን? በእኛ ጠብ የእነሱ ባንዲራ ይነሳል?

ሊቀመንበር፦
እህቴ፣ አንዱን ትተን ሌላውን ካነሳን ጥያቄው ይመለሳል።

ነርሷ፦
ከኩሪ ጤና ድርጅት አንድ የማውቃት አለች፣ ሽማግሌ እንዲጋበዙ ላናግራት ነበር። ጀበና ያለበት ፖስተር ይዤ አልሄድም። ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ተረጋጉ። ለጥሪው የሚሄድ አለ? የወጣቶች ክፍል እንሄዳለን ብሎ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስልክ አያነሱም።

ታክሲ ነጂው፦
እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኩሪ ኮርት የሚባል አላቸው አይደል? ጠረጴዛ ዙሪያ ዳኛው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ልጁ፣ ቤተሰቡ አብረው ይቀመጣሉ። ሽማግሌው ልጁን ዓይኑን እያየ ይመክረዋል፣ ይገሥጸዋል። ይኼ የእኛው ሽምግልና ነው። ለምን በደብዳቤው ላይ ለአፍሪካ ልጆችም እንደዚያ ዓይነት ይቋቋም ብለን አንጠይቅም?

ባለሱቁ፦
ይኼን እፈርማለሁ። ልጁ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ይፈር። ለእኛም ሽማግሌ እንሰጣለን።

ቀደምት አባል፦
ግሩም ሐሳብ ነው። እኔም ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ።

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
ቆይ፣ ቆይ። ኩሪ ኮርት ዝም ብሎ የተሰጠ መሰላችሁ? በ1991 የንጉሣዊ ኮሚሽኑ ሪፖርት ወጣ። በእስር የሞቱ 99 አቦርጂናሎችን መርምሮ 339 ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በ2000 ኩሪዎቹ ከቪክቶሪያ መንግሥት ጋር የፍትሕ ስምምነት ተፈራረሙ። የመጀመሪያው ኩሪ ኮርት ሼፐርተን ላይ የተከፈተው በ2002 ነው። የሞቱ ሰዎቻቸው ቤተሰቦች ዓመታት የታገሉበትን እኛ በአንድ ደብዳቤ ይሰጠን ልንል ነው? ያውም ለእነሱ ድጋፍ ብለን በጀመርነው ደብዳቤ? ደግሞም እዚያ የሚገባው ጥፋቱን ያመነ ነው። ፍርዱን የሚሰጠውም ዳኛው ነው። ዋስትና ተከልክሎ እስር ቤት ላለ ልጅ አይደርስለትም።

ታክሲ ነጂው፦
ከአፍ አትንጠቀን እንጂ። ለእነሱም ለእኛም ብንጠይቅ ምን ክፋት አለው?

መምህሩ፦
ክፋት የለውም። ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። በ1991 ከእስረኛው ከመቶ 14ቱ አቦርጂናል ነበሩ። ዛሬ ከመቶ ከ33 በላይ ናቸው። ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ 4 እንኳ ሳይሞሉ። ስለዚህ ቁጥር ነበር ልንጽፍ የተነሳነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ካውንስሉ የሚሰጠን ግራንት በሚቀጥለው ወር ይታደሳል። የዋስትና ሕግ ብለን ፖለቲካ ውስጥ ከገባን ይከለክሉናል ብዬ እፈራለሁ። የሽማግሌ ፕሮግራም ካልነው ግን ራሱ ግራንት ይገኝበታል።

ሊቀመንበር፦
ገንዘብ ያዥ ልክ ነው። ጸሐፊ፣ አስተካክለህ ላክ። መጀመሪያ የሽማግሌዎች ፕሮግራም። የዋስትናው ጉዳይ በመጨረሻ በአንድ አንቀጽ ይጠቀስ። ምሽቱ የወላጆች ምሽት ይሁን፤ ፖሊስ ልጅን ሲያቆም መብቱ ምን እንደሆነ ጠበቃ ያስረዳን። የኩሪ እንግዳ ከተገኘ ይመጣል።

የፍሌሚንግተን ልጅ፦
ከተገኘ? የምሽቱ ዋና ነገር እነሱ ነበሩ። የዋስትናው አንቀጽ በመጨረሻ ከሆነ ስሜን አውጡት።

ጸሐፊ፦
ስምህን አላወጣም፣ ወንድሜ። የዋስትናውን ክፍል እንደነበረው በአባሪ አያይዤ እልካለሁ፤ የቬሮኒካ ኔልሰንም ታሪክ እዚያው አለ። የሶማሌዎቹ ሊቀመንበር ዋናው ደብዳቤ የት ጠፋ ብለው ደውለውልኛል፤ እነሱ የመጀመሪያውን ሊፈርሙ ተዘጋጅተው ነበር። ለሁለቱም ፊርማ ሰብስቡልኝ አልኳቸው።

የሰንሻይኗ፦
ምግቡ ለስንት ሰው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
ለ80። ከዚያ በላይ ብር የለም። ለሕግ አገልግሎቱ 500 አስቀርቻለሁ።

ነርሷ፦
500 ብቻ? እኔ ከደመወዜ 200 እጨምራለሁ። የሚጨምር ካለ እዚሁ ይጻፍ። እንግዳዋንም አናግራለሁ፤ ባንዲራው ከተመለሰ።

ቀደምት አባል፦
የእነሱ ይመለስ። የእኛን በተመለከተ በጠቅላላ ጉባኤ እንነጋገራለን።

የሰንሻይኗ፦
እንነጋገራለን።