የኅዳር 8 ዕቅድ፦ ካናቴራው ይቅር ወይስ ይኑር?

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቁ ይኸው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቀን በዓለም ዙሪያ የሚታሰበው ኅዳር 8 ነው፤ ኅዳር ሲታጠን አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ጠዋት ከአሞራ ገደል ተነሥተን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ ፍቅር ሐይቅ እንጓዛለን። ሐምራዊ ካናቴራ ይታተማል፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ይቀድማል። መሪ ቃሉ «ያለጊዜው መውለድን እንከላከል!» ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ስጡኝ፤ ሰኞ ለጤና መምሪያ እናስገባለን።

አዋላጅ ነርስ፦
ጉዞው ይሁን። ካናቴራው ግን የገንዘባችንን ግማሽ በልቶ በሳምንቱ ወለል መወልወያ ይሆናል። በዚያ ሒሳብ የመታቀፊያ ጨርቅና የሕፃን ቆብ እንግዛ። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ታቅፎ ሊውልና ሊያድር ይገባዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ ሣጥን እጥረት ነበር። እጥረቱን እኛም እናውቀዋለን።

አንዲት እናት፦
እኔ ስለ መሪ ቃሉ ልናገር። ልጄን በ31ኛው ሳምንት ወለድኋት፤ 1.4 ኪሎ ነበረች። ክትትሌን አላቋረጥሁም። ጎረቤት ግን ሊጠይቀኝ መጥቶ «ምን ከባድ ነገር አንሥተሽ ነው?» አለኝ። «እንከላከል» የሚለውን ሳነብ ያልተከላከለችው እናት እኔ እሆናለሁ። ጣቴን ስትጨብጠኝ ጥፍሯ የምስር ክክ አያህልም ነበር። የተኛሁበት ቦታ ስሙ ይቅርና ለአስታማሚ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ማታ ማታ ባለቤቴ ሸሚዙን አውልቆ ልጃችንን በደረቱ ሲቀበለኝ ነበር እራቴን የምቀምሰው። ጨርቁ ለአባቶችም የሚበቃ ይሁን።

አዋላጅ ነርስ፦
ልክ ነሽ እኅቴ። ከ37ኛው ሳምንት በፊት ከሚመጣው ምጥ ምክንያቱ የማይታወቀው ብዙ ነው። «እንቀንስ» እንበል። ቀድሞ ከተደረሰበት የሚታከመው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስና ወባ ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይሁን። በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍልኝ፦ ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ ወይም ቁርጠት ከተመላለሰ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል። ለሕፃኑ ሳንባ የሚረዳው መርፌ ለእናቲቱ የሚሰጠው ከመውለዷ በፊት ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፦
ሐይቅ ዳር ለሚዝናና ሰው ከምትናገሩ ወደ እኛ ኑ። በአንድ ኪራይ ክፍል ሦስት አራት ሆነን እንኖራለን፤ እናቶቻችን ሩቅ ናቸው። ሥራዋን እንዳታጣ ሆዷን እስከ አምስተኛ ወሯ በሰፊ ልብስ የደበቀች አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፤ ለእርግዝና ምርመራም ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል። እሷ ይህን አታውቅም ነበር። ወረቀቱ በሲዳምኛም ይታተም።

አንድ አንጋፋ አባል፦
የሰባት ወር ልጅ ይድናል፣ የስምንት አይድንም ሲባል ነው ያደግሁት። ይህም ይታረም እንዴ?

አዋላጅ ነርስ፦
ይታረም እንጂ ጋሼ! በማሕፀን የቆየበት እያንዳንዱ ሳምንት ይጠቅመዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ካናቴራው ተሰርዟል፤ ሐምራዊ ክር በእጃችን ብናስር ይበቃል። ለሕፃናቱ ክብደት ምርመራ ለሚመላለሱ እናቶች የባጃጅ ይከፈል የሚል ሐሳብ በስልክ ደርሶኛል፤ ማለቂያ የለውምና ፈራሁት። ለሦስት ወር ይሞከር ካላችሁ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦
ተሻሽሏል። ጉዞው አጭር ሆኖ የፓርኩ ሠራተኞች ፈረቃ በሚለዋወጡበት ሰዓት ከመውጫው በር አጠገብ ያበቃል፤ ለዚህ ፈቃድ እጠይቃለሁ። የጨርቁን ልክ ማን ያውቃል?

አንዲት እናት፦
የእኔ አሁንም አለ፤ አልጣልሁትም። ቅዳሜ ለልኩ ይዤው እመጣለሁ።